የምትረሳ ቅባት

ፑንታ አሬናስ ላይ፣ የብስ በሚያበቃበት፣
ነፋሱ በር ነቃይ፣ ባሕሩ የብርድ ቤት፤
ፀሐይ ግን እሳት ናት፤ ብርድ ለብሳ መጥታ
ሰው ሳያውቅ ትልጣለች፣ ቀስ ብላ ጎብኝታ።

ፖስተኛዋ ኔልዳ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣
አፍንጫዋን ተልጣ ትገባለች ማታ።
"ቅባት ግዢ" ቢሏት፣ ገዛች አንድ ቱቦ፤
ፊቷ ኖራ ሆነ፣ የያዛት መሰለ ተስቦ።
ዶኛ ኤርሲራ በሯን ገርበብ አርጋ፦
"ልጄ፣ ሂጂ ተኚ፤ በኛ እንዳይጋባ!"

ሁለተኛው ኮኮናት ኮኮናት ሸተተ፤
የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ከኋላዋ ተጎተተ።
ሦስተኛው ከላብ ጋር ዓይኗ ውስጥ ወረደ፤
የስምንት ቁጥርን ደብዳቤ ለሦስት ቁጥር ሰደደ።
አራተኛውማ የአቧራ ሙጫ ነበር።

ተወችው። ኮፍያ ይበቃል አለች።
ኮፍያዋን ነፋስ ነጠቃት፤
ወደ ማጌላን ወሽመጥ፣ ሳይሰናበታት።

ባልዶሜሮ፣ የጀልባው ቲኬት ቆራጭ፣
የግራ ጆሮው ጫፍ ሐኪም ቤት የቀረ፣
የተጨማደደ ቱቦ ከኪሱ አውጥቶ
"ሞክሪው" አላት። ሌላ ቃል አልጨመረ።

ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤
ደረቅ መሬት እንዳገኘ ውሃ ሰረገ።
ውሾቹም ዞር ብለው አላዩዋት።

ቀትር ላይ፣ የአንድ ቤት አጥር ተደግፋ፣
ጉንጯን ዳሰሰች፦
ጧት ተቀብቼ ነበር? ወይስ ረስቼው?

መቼም ጥሩ ጫማ እግርን የሚያስረሳ ነው።

ሳቀች ለብቻዋ፤ ኋላ እንዳይቆጫት ብላ
ደግማ ተቀባችው፣
ጆሮዋን አስቀድማ።