ሰኞና ሐሙስ

በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ መርፌ ታዞለት፣
ቬይኮ ሁለት ሰው ሆነ በአንዲት የኦውሉ ቤት።

በሦስተኛው ቀን ያፏጫል፣
የወንድሜን ጀልባ ካልቀባሁ ይላል፣
ፊቱ እንደ ፍም ቀልቶ ሌሊቱን ያነጋል።
በአሥራ ሁለተኛው፣
ማንኪያ ወደቀ ብሎ ሲያኮርፍ የሚውለው፣
አንድ እግር ካልሲ ይዞ አልጋ ጫፍ የቀረው፣
ያው እሱ ነው? ማነው?

ቱሊኪ አልጠየቀች። ፍሪጁ ላይ ባለው
ካላንደር፣ በእርሳስ፦
«አፏጨ።» «ዝም አለ።» «በሩን ደረገመው።»

ሐኪሟ ከደሙ ውጤት ጎን ዘርግታ አየችው።
«ክፍተቱ ነው እንጂ መጠኑስ ደህና ነው።»
ቬይኮ ሳቀ። ሃያ ስድስት ክረምት
በረዶ ጠራጊ መኪና የነዳ ሰው
ይህን ሊነገረው?
መንገድ እስኪዘጋ ማን ቆሞ ይጠብቃል፤
ትንሽ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ቶሎ፣ ገና ሲጥል።

አሁን ሰኞና ሐሙስ፣ ፈረቃ ሳይገባ፣
ሆዱን ቆንጠጥ አርጎ፣ በቀጭኗ መርፌ፣
ያንኑ መድኃኒት ከፋፍሎ ይወጋል።

ስድስት ሳምንት አለፈ፤ ካላንደሩ ነጣ።
ከሁለቱ ባሎቿ ያኛው፣ የሚያፏጨው፣
አትናገርም እንጂ፣ ጥቂት ይናፍቃታል።
ዛሬ ግን፣ ሐሙስ ላይ፣ እርሳሱን አንስታ
ጻፈች፦ «የጀልባ ቀለም። ሁለት ጣሳ።»