ቅጽ ቁጥር ሰባት

ነሐሴ፣ ማክሰኞ ረፋድ፣ ከአራት ኪሎ ቁልቁል፣
ደረጃው አንሸራቶኝ ልወድቅ ጥቂት ሲቀር ስንቴ፣
ግንፍሌ ዳር ወረድኩ
ቅጽ ቁጥር ሰባትን ሸጉጬ በብብቴ።
የከተማ ግብርና፣ የጓሮ ቆጠራ፤
ስም፣ ስፋት፣ የታረሰበት ጊዜ፣ ማዳበሪያ በኪሎ፣
ፀረ ተባይ በሊትር፤
ሌላ አይጠየቅም በእኛ መሥሪያ ቤት ሥራ።

በሩ ቆርቆሮ ነው። ሳንኳኳ ከፈቱ
እትዬ ወርቅአፈራሁ።
«በድንጋዩ እለፍ፤ አፈሩ መደብ ላይ ተኝቷል፣ እንዳትረግጠው» አሉኝ፤
እኔም በጣቴ ጫፍ እንደ ሌባ ገባሁ።

ስንት ካሬ ይሆናል?
«ሦስት አንሶላ ቢሰጣበት ይሸፍነዋል።»
አሥራ አምስት ብዬ ጻፍኩ።
ስንት ጊዜ ታረሰ?
«አንድም።»
አንድም?
«ከታች ያሉት ያርሳሉ፣ ደሞዝ ሳይጠይቁኝ፤
ዶማዬን ሸጬ ድስት ገዛሁበት፤ እኔ ምን በወጣኝ!»

ዜሮ።

ማዳበሪያስ?
«አለኝ እንጂ፣ ሁለት።»
ደስ ብሎኝ ልጽፍ ስል ባዶ ከረጢት አነሱ፤
«ቅጠል የምሸከምበት።»

ቅጠሉን ጠራጊዋ ብርቅነሽ ከስድስት ኪሎ ጎህ ሳይቀድ ታመጣለች፤
ልጣጩ ከጭማቂ ቤት፣ የአቮካዶ፣ የፓፓያ፤
ሰጋቱራው ከአናጺው ከሙዘሚል ደጃፍ።
ክምሩ ውስጥ እጄን ሰደድኩ፤ እንደ ታመመ ልጅ ግንባር ይግላል፤
እሳት የለ፣ የሚቆሰቁስ የለ፣ ብቻውን ይበስላል።

አራት ዓመት ተምሬያለሁ አፈርን፣ በብልቃጥ፣ በቁጥር፤
ሽታውን ግን ያን ቀን ነው የነገረኝ።

«ፍርስራሽ ነበር» አሉ፣ «ምስማርና የጠርሙስ ስባሪ፤
ሰባት ክረምት አለበስኩት። የታመመ ሰው
ይሸፈናል እንጂ ይቆፈራል?»

በቆሎው ቆሟል፣ አደንጓሬው ወገቡን ይዞ ወጥቷል፤
ዱባው ከሥራቸው ተንሰራፍቶ እርጥበቱን ይጠብቃል፤
ማን የማን ዘበኛ እንደሆነ እንጃ።
የልብስ እጣቢው በቀጭን ቦይ ወደ እንሰቱ ይሄዳል።
ከላይ፣ ከኮብልስቶኑ፣ እየፎከረ የሚወርደው ጎርፍም
እዚህ ሲደርስ ግማሽ ጨረቃ በምትመስል ጉድጓድ ይያዛል፤
«ምን አስቸኮለህ?» ይባላል፤
ይቀመጣል።

ጎመኑ ግን ተበልቷል። ቀንድ አውጣ።
ቅጠሉ እንደ ወንፊት ሆኖ ሳይ አቤት ደስ ማለቴ! ስህተት አገኘሁ።
«ከሦስት አንዱ የነሱ ነው» ብለው አለፉት።
ፀረ ተባይ? ስል
ጤና አዳሙን አሳዩኝ፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣
ድንጋይ ሥር የተቀመጠች አንዲት እንቁራሪት።
ስሟን ልጻፍ? አልኩ እየሳቅኩ።
አልሳቁም። «አላት» አሉ።

ከራሳችን በላይ ክሬን ይዞራል፤ ጥላው
በበቆሎው ያልፋል፣ ይመለሳል።
ይህ ቦታ ለከርሞ ምን ይሆናል? አልጠየቅኩም።
ቅጹ አይጠይቅም።

ግልባጩን ሰጥቼ፣ ዶቃ የመሰለ አደንጓሬ በኪሴ ተሰጥቶኝ ወጣሁ።

ኅዳር ላይ ተመለስኩ። ኃላፊዬ ዜሮዎቹን አይቶ
«እንዲህ ያለ መልስ የለም፣ ድገመው» ብሎኝ።
ግልባጩስ አለ? አልኳቸው።
የዱባውን ሐረግ ገለጥ አደረጉና
በሸንበቆ ጫፍ አሳዩኝ።

የቀረው የማህተሙ ሐምራዊ ጠርዝ ነው፤
«ስፋት» ተበልቷል፣ ፊርማዬ ተበልቷል፣
ዜሮው በነበረበት ቀዳዳ
አንድ ቀይ ትል ሾልኮ
ወደ ሥራው ይገባ ነበር፣ ሳይፈርም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤
ወረቀቱ ለቀቀ።
ሞኙ እዚያው ቁጢጥ ብሎ ገና ያስባል።