መሐል ላይ ያለው ዜሮ

"መብራት ሄደ" እንላለን፣ እግር እንዳለው ሰው፤
ወዴት እንደሚሄድ ግን ማንም አልጠየቀው።
እኔም አልጠየቅሁም።

ሂርማታ፣ ከጓሮዬ፣ ከቆርቆሮው ክፍል፣
ሦስት መቶ እንቁላል ነበረኝ፣ የሚሞቅ በአምፖል፤
ሃያ አንድ ቀን ሙሉ በጣት የሚቆጠር።
ሐምሌ ሲያጉረመርም፣ ባሕር ዛፍ ሲሰበር፣
ጫጩቱ ከነቅርፊቱ፣ ድምፁ ሳይሰማ ይቀር ነበር።

ጄኔሬተር ገዛሁ፤ ቀይ፣ ከአጋሮ የመጣ፣
በሦስተኛው ጉተታ ስሎ የሚቆጣ።
ማገናኛው ቀላል፤
ሁለት ጫፉ ወንድ የሆነ አንድ ክንድ ገመድ፣
አንዱን ከሞተሩ፣ አንዱን ከሶኬቱ መስደድ።
ሰፈሩ ተዳፍኖ የኔ መስኮት ሲበራ፣
አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽ ደረቴ ኮራ።

ዘንድሮ ትልቁ ማሞቂያ መጣ፣ ሁለት ሺህ የሚይዝ።
ካውያ ስንሰካ እንኳ የሚያቃስት ቆጣሪ፣ በአንድ ቀጭን ፌዝ፣
እንዴት ይቻለው?
ማመልከቻ ጻፍኩ። ካርታ ኮፒ፣ መታወቂያ ኮፒ፣ የኮፒውም ኮፒ።
"ነገ ተመለሺ" ያለኝ ልጅ ጢም እስኪያበቅል ተመላለስኩ።
በዘጠነኛው ወር መጡ፤
ባለሦስት ፌዝ ቆጣሪ፣ አውራ ጣት የሚያክል ገመድ፣
ከምሰሶው እስከ ግንቡ እንደ እባብ የሚወርድ።

ከቆጣሪው ወዲህ ያለውን የሠራው ሙዘይን ነው፤
ሙዘይን አባ ፎጊ፣ ቴስተሩን እንደ እርሳስ ከጆሮው ጀርባ የሚሰካው።
የድሮውን ሽቦ ከግድግዳው መዘዘ፣
አይጥ የቀመሰውን፣ አባቴ በጨርቅ የጠቀለለውን።
የመዳቡን ዘንግ ጓሮ ቀብሮ፣
"የጅማ አፈር እርጥብ ነው፣ መብረቅ ያስተኛል" አለ።
ከዚህ በቀር ቃል አልወጣውም።

ከዚያ ያንን ገመድ አየ፣ ከሚስማር ላይ።
አወረደው። በመዳፉ መዘነው።
"የማን ነው?"
"የቤቱ" አልኩት።
ፒንሳውን አውጥቶ ሦስት ቦታ ቆረጠው፤
ቁርጥራጩን ከኪሱ ከተተ፣ እንደ ማስረጃ።

"እትዬ ረውዳ፣ ሽቦ መንገድ ነው፤
በሚያስገባው በኩል ያስወጣል።
የአንቺ ሁለት መቶ ሃያ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ትራንስፎርመር ሲገባ፣
አሥራ አምስት ሺህ ሆኖ ምሰሶው ላይ ይጠብቃል።
ኤርጃቦ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ።
መስመሩ ሞቷል አሉት፤ ወጣ።
አልወረደም። እኛ ነን ያወረድነው።
ከማን ቤት እንደመጣ አልታወቀም፤
ያን ሌሊት የሚጮኸው ሞተር ብዙ ነበር።"

"መቼ?"
"የዛሬ ስድስት ዓመት፣ ነሐሴ፣ ለዓርብ አጥቢያ።"
"የት?"
መልስ አልሰጠኝም። በመስኮቴ በኩል ያለውን ምሰሶ አየ፤
ከዚያ ወደ ሥራው ዞረ።

መዝገብ አለኝ፣ የጫጩት መዝገብ፤
የገባው፣ የተፈለፈለው፣ መብራት የሄደበት ሰዓት፣
ሞተር ያስነሣሁበት ሰዓት፣ ሁሉም በቀኑ ተጽፏል።
የስድስቱም ዓመት ከቁም ሣጥኑ ሥር ነው።
አልከፈትኩትም።

ማዞሪያው ተሰቀለ፤ ግራጫ ሣጥን፣ አንድ እጀታ።
አንድ፣ የመንግሥት። ሁለት፣ የኔ።
መሐል ላይ ዜሮ።
"ሁለቱ አብረው አይበሩም" አለ ሙዘይን፣
"ብትፈልጊም ብረቱ እምቢ ይልሻል።"
ሒሳቡን ተቀበለ፤ ሻዬን አልጠጣም።

ትናንት ማታ መብራት ሄደ።
ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
እጀታውን ከአንድ አነሣሁ፣ ዜሮ ላይ አደረስኩ።
በመስኮቱ ሳይ፣ ምሰሶው ላይ መሰላል፣
ከመሰላሉ ጫፍ አንድ ትንሽ የግንባር ባትሪ።
ማሞቂያው ሠላሳ ሰባት ይላል። ሠላሳ ስድስት ተኩል።
ብረቱ እንደማያሳልፍ አውቃለሁ፤
ሙዘይን አሳይቶኛል፣ እኔም በእጄ ሞክሬዋለሁ።
ሠላሳ ስድስት።
እጄ ዜሮው ላይ ነበር፣
ሰውየው እስኪወርድ።