መርፌዋ

ሚያዝያ አዳማ ላይ ጥላውም ያልበዋል፤
የመኪና እጀታ እጅ ይለበልባል።
ከወንጂ ማዞሪያ ትንሽ ዝቅ ብሎ
ሙዘይን ጋራዥ አለው፣ በሸራ ተጠልሎ።

«ጋዝ ብቻ ሙላልኝ» አልኩት በችኮላ፤
የያዝኩት ገንዘብ ያው ነው፣ አይተርፍም ለሌላ።
አባቴ ጋቢና፣ በሩን ገርበብ አርጎ
ዝም ብሎ ተቀምጧል፣ ግራ እጁን ሸሽጎ።
ግማሽ ጎኑን መትቶት ከወደቀ ወዲህ
ቃል ይቆጥባል ሰውዬው፤ የሚለው «እህ» ነው፣ «እህ»።

ሐኪሟ «ከሙቀት ጠብቁት» አለችን።
ከሙቀት!
ይህንን ሰው!
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ወንጂ ቦይለር ፊት የቆመው፣
ያገዳ ገለባ ሲነድ ቅንድቡን ወላፈን የላሰው፣
እንፋሎት ሲያፏጭ በጆሮው ግፊቱን የሚመዝነው።

ሙዘይን ሳቀብኝ፣ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣
ቀይና ሰማያዊ ቱቦ አንገቱ ላይ አድርጎ፤
«ቤንዚን አይደለም ይሄ፣ ነዶ የሚያልቅ ነገር፤
ጋዝ ሾልኮ ነው የሚሄድ፣ እንደ ሌባ ባጥር።
የወጣበት ሽንቁር ካልተገኘ ቀድሞ
ዛሬ ብሞላልህ ትመጣለህ ደግሞ።»

ጌጁን በአባቴ በኩል ካለው መስታወት ሰቀለ።
ፓምፑ ግማሽ ሰዓት አጉረመረመ፤
ያለውን አየር ሁሉ ከሆዷ አሟጦ ለቀመ።
መርፌዋ ከዜሮ በታች ወርዳ ቆመች።
ዘጋው። ጠበቅን። ስልኬን አየሁ። ባጃጅ አለፈች
አቧራዋን ጥላ።
ሙዘይን ጎንበስ ብሎ አየና «ይዟል» አለ፣ «በቃ፣ እንሙላ።»

«አልያዘም።»

ዞርን።
አባቴ ነው። ዐይኑ መርፌዋ ላይ ተተክሏል።
«ተነሣች። የጸጉር ታህል።»
በሦስት ወር ውስጥ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይህ ነው፤
ሙዘይን መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየው፣
ራሱን ነቀነቀ።

ላርጎ በጥብጦ በብሩሽ ቀባ መገጣጠሚያውን፤
ናይትሮጅን ነፍቶ ይጠብቅ ጀመር አረፋውን።
ከኮንደንሰሩ ጀርባ፣ ማንም በማያየው፣
አንዲት አረፋ አበጠች፣ ምስር ነው የምታህለው።
ፈነዳች። ሌላ ተካች።
ለካ ያምናውን ብርድ ሁሉ የጠጣች እሷ ነበረች!
ያረጀች ጎሚኒ፣ ደርቃ የተሰነጠቀች፤
የጣት ቀለበት ታህላለች፣ ሰማንያ ብር ፈጀች።

ጋዙ ሲገባ ጣሳው በረዶ አበቀለ፤
የጎሚስታው ልጅ ሮጦ በጣቱ ነካና «ውይ!» አለ።
ኮምፕረሰሩ «ቀጭ» ብሎ ያዘ፤
ሞቶ የከረመው ቀዳዳ፣ ከዳሽቦርዱ ላይ፣ ተነፈሰ፤ ቀዘቀዘ።
ሙዘይን ከሒሳቡ መቶ ብር ቀነሰልኝ፤
«የአባባ የዐይን ዋጋ ነው» አለኝ።

መንገድ ላይ አባቴ ያን የደነዘዘ እጁን
በቀኙ አነሣና ለነፋሱ ሰጠው መዳፉን።
ይሰማው፣ አይሰማው እንጃ። አልጠየቅሁም።
እስከ ፖስታ ቤት ድረስ ከዚያ አላነሣውም።

ሰፈር ስንደርስ ከመኪናዋ ሥር ውሃ ጠብ ጠብ ሲል አየሁ፤
«ደግሞ ምን ፈሰሰ!» ብዬ አቧራው ላይ ተንበረከክሁ።
አባቴ መስኮቱን በጣት ወርድ ከፍቶ
«ተወው፣ ይፍሰስ» አለ፣
«ላቧ ነው።»

ገብቼ ሞተሩን ላጠፋ ስል እጄን ያዘኝ።
ትንሽ ቆየን።