በአጣርድ ሲቆጠር

አታካማ፣ ዝናብ በማያውቀው ምድር፣
ከተራራው ጫፍ ላይ፣ ከጉልላቱ ሥር፣
መስተዋት ወልዋዩ ሴፌሪኖ ኪስፔ ስድሳ ሞላው ዛሬ፤
መጋረጃው ተዘጋ፣ ኬኩ ተቆረሰ፣ ደራ ሳቅና ወሬ።

«በመሽተሪ ቢሆን» አለች ኢትዚያር፣ ወጣቷ ተመራማሪ፣
«አምስት ዓመትህ ነው፤ ገና ፊደል ቆጣሪ!
በዙሃልማ ሁለት፤ ጥርስህም አልሞላ።»
ሳቁ። እሱም ሳቀ። ቆየና ኋላ፣
«አጣርድስ?» አላት፣ ሳህኑን እያየ።
«እዚያማ ማቱሳላ! ሁለት መቶ አርባ ዘጠኝ...»
«የኔን አይደለም።» ድምፁ ተለየ።
«ዘጠና አንድ ቀን ስንት ነው?»

የማን? አላለችም።
በናፕኪኑ ጥግ ላይ ጽፋ አካፈለች፤
«አንድ ዓመት ከሦስት ቀን» አለች።
«እዚያ አንዴ የወጣች ፀሐይ
ዓመት ሙሉ ትቆያለች ሰማይ ላይ፤
ልደት ሲደርስ ነው የምትጠልቀው።»

ዝም አለ።
ከኬኩ ላይ አንዷን ሻማ ነቀለ፣
ክሬሙን በአውራ ጣቱ ጠርጎ
በዚያው ናፕኪን ጠቀለለ።

ተራራው ላይ ብርሃን ክልክል ነው፤
መኪና እንኳ መብራቱን አጥፍቶ ነው የሚያልፈው።
አጥሩን እስኪሻገር
በእግሩ፣ በዳበሳ፣ ቁልቁል ወረደ።
ክብሪት ጫረ፤
አንድ ዓመት ነደደ።