ጻፍኩ፣ ሰዓቱን ንገረኝ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፤ ወገል ጤና ላይ ብርዱ ጥፍር ይነቅላል፤
ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣ እጄ ከኋላ ወንበር ሥር ዕቃ ይደለድላል።
መውረዴ ነው ወደ በሽሎ፣ ክትባት ላደርስ ከቆላ፤
መንገዱን መንገድ ያለው ማን ነው? ፍየልም አይሄድበት ያለ መላ።

መጀመሪያ ውሃ። ሁለት ጀሪካን፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ጥቁር፤
ቢጫው የሰው ጉሮሮ ነው፣ ጥቁሩ የራዲያተር፤
እንዳልስት በጨለማ፣ በቢጫው አንገት አስሬያለሁ ክር።

አካፋ፤ እጀታው የተሰበረ፣ በሽቦ የተጠገነ፣
አምና ከጭቃ ያወጣኝ፣ ከወንድም ይልቅ የታመነ።
ክሪክ፣ ከሥሩም ጣውላ።
«ጣውላ የሌለው ክሪክ» ይላል መካኒኩ እሸቴ፣
«ራሱን ቀብሮ አንተን ያስለቅሳል።»
ተቀያሪ ጎማ ሁለት። አንድ የያዘ ለአንድ እሾህ ብቻ ተዘጋጅቷል፤
ቆላው ግን እሾህ አይቆጥርም፣ ዳር እስከ ዳር ግራር ለብሷል።

ክብሪት ሦስት ቦታ፦ በኪሴ፣ በዳሽቦርድ፣ በላስቲክ ታስሮ ከጣሪያ፤
ጋቢም አለ። ረዳቴ አራጋው ይስቃል፦ «ለቆላ ጋቢ? ምነው አያ!»
በሶ፣ ጨው፣ ስኳር በወረቀት፤
የሲስተር ዘምዘም የክትባት ሳጥን፣ እንደ ጨቅላ ታቅፎ ከመሃል፣ ከሁላችን በፊት።
ትንሽ መስታወት። «ልትኳል ነው?» አለኝ አራጋው።
«ፀሐይ ልልክበት ነው፣ ኔትወርክ በሌለበት ለሚያየው።»

ይህ ሁሉ ነበረኝ፣ ያን የሚያዝያ ረቡዕ።
ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ዝናቡ ሌላ አገር ፈሰሰ፤
ደረቁን ወንዝ እንደተሻገርን፣ ከኋላችን ደራሽ ደረሰ።
ከፊትም ሁለተኛው ወንዝ፣ ድንጋይ እያንከባለለ፤
እኛ በመሃል፤ ቀኑም እንደ ታሰረ በሬ ቆሞ ዋለ።

ሁለት ሌሊት። ውሃውን በክዳን ለካሁ፣ ጋቢውን ለዘምዘም ሰጠሁ፤
አራጋው ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ጫፉን ሲለምን፣ ሳቄን ዋጥሁ።
የሳጥኑ በረዶ ቀለጠ። ዘምዘም ያለቀሰችው ለእርሱ ነው፣
ለራሷ አይደለም።
መስታወቱን አዞርኩት፣ ደጋግሜ፣ ወደ ገደሉ አፋፍ፤
አንድ ጥንብ አንሳ ብቻ አየኝ፣ ሲንሳፈፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

አርብ ረፋዱ ላይ ከማዶ ገመድ ወረደ፤
እሸቴ ነበር፤ ስሜን ከስድብ ጋር እየጠራ፣ ከድንጋይ ድንጋይ ተራመደ።
«ማን ነገረህ?» አልኩት፤
«ጦይባ» አለኝ። «ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት።»

ሚስቴ ናት። ሳልወጣ ሁልጊዜ ትይዘኛለች በጥያቄ፦
በየት ትወርዳለህ? ከማን ጋር? የት ታድራለህ? እስከ መቼ?
ጽፋ፣ ከስፌት መኪናዋ በላይ፣ በመርፌ ከጭቃው ትሰካዋለች፤
«ሐሙስ ማታ ካልደወለ፣ ፈልጉት» ብላ ታሰምርበታለች።
እኔ ንዝንዝ ነበር የምለው።
ያን ሁሉ ብረት ጭኜ፣ ያዳነኝ ያልጫንኩት ነው።

ይኸው ዛሬም ጎማው ተነፍቷል፣ ጀሪካኑ ሞልቷል፣ ሞተሩ ሞቋል፤
አራጋው የራሱን ጋቢ ይዞ መጥቷል፣ አይኑን ከእኔ ይደብቃል።
ጦይባ በሩ ላይ ቆማለች፣ እርሳሷን በምላሷ አርሳ።
«መቼ?» ትላለች።
«ቅዳሜ፣ ኢንሻ አላህ» እላለሁ፣ አንድ እግሬን ወደ መኪናው አንስቼ።
ትጽፋለች። ቀና ትላለች።
«ኢንሻ አላህን ጻፍኩ፤
ሰዓቱን ንገረኝ።»