ድሪቶ

ሐምሌ ማርቆስ ገባ፤ ጮቄ ብርዱን ሰደደው፤
በረዶ ቆርቆሮውን ሌሊቱን ሲቀጠቅጠው
የእንየውን ሻንጣ ካልጋው ስር ጎተትሁ፣
ዓመት ሙሉ የሸሸሁትን ዚፕ ከፈትሁ።

ሠላሳ አንድ ካናቴራ!
አንዱንም በገንዘቡ አልገዛ።
ሰልፍ ካየ ይሰለፋል፣ የምን እንደሆነ ሳይጠይቅ፤
ከመናኸሪያ ሲመለስ ብብቱ ስር አንድ አዲስ ጨርቅ።
የፖሊዮ ዘመቻ፣ የችግኝ ተከላ፣
የባንክ ምርቃት፣ አንገቱ የላላ፣
የቢራ፣ የሩጫ፣ ያልሮጠው፤
«ጥሩወርቅና ደምስ ተጋቡ» የሚል፣ ሮዝ፣
የማናውቃቸው ሙሽሮች። እዚያም ሄዶ በልቶ ይሆናል።
ሁለቱ ደግሞ የምርጫ፣ ባንድ ሳምንት ከሁለት ፓርቲ፤
አንዱን ለሥራ ይለብሰው ነበር፣ አንዱን ለእሑድ።

የወይዘሮ ውዴን ሲንጀር ለሦስት ቀን ተዋስሁ።
ካናቴራ ሲሰፉት ክፉ ነው፤ ይሳባል፣ ይሸሻል፣
መኪናው ጫፉን ይዞ እንደ ጥጃ ያኝከዋል።
«ከስሩ አቡጀዲ አድርጊለት» አለች ውዴ መጥታ፣
«ያለ ገበር ማን ጸንቶ ያውቃል?» ጥቅስ አታጣም ጧት ማታ።

ሁለቱን ፓርቲ ጎን ለጎን አደረግኋቸው፤
አንድ አዳራሽ ያልቻላቸው
አንድ ክር ቻላቸው።

እናቴ ከመደቡ ላይ «ይሄ ቡትቶ ምን ይጠቅማል?» አለችኝ።
«እሱማ አይጠቅምም፤ የምጠቅመው እኔ ነኝ።»
ቆየት ብሎ ገባት። ሳቀች።
ካመት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ደንግጬ መርፌው ወጋኝ።

ከሻንጣው ወለል ላይ ግን
አንዱ የእሱ አይደለም፤ የኛ ነው።
ጥቁር፤ በሰልስቱ የለበስነው።
ደረቱ ላይ ፊቱ፣ ከመታወቂያው የተወሰደ፣
አንድ ጆሮው በማኅተም ተበልቶ፤
ከስሩ «ሁሌም በልችን» ይላል።
ማተሚያ ቤቱ ቸኩሎ «ባ»ን ዘሏታል።
ያን ቀን ስናለቅስ ማን ፊደል ቆጠረ።

መቀሱን አስጠጋሁ። እጄ እንቢ አለኝ።
«መሃል አድርጊው» አለች እናቴ፣
«ስሙስ እንየው አይደል? እንየው።»
መሃል ከሆነ ማን ይቀመጥበታል?
የማን ተረከዝ ያርፍበታል?
ውዴ እንኳ ጥቅስ አጣች።

በውስጥ በኩል ሰፋሁት፣ በራስጌው፣
ፊቱን ወደሚተኛው፤
በእጄ፣ ያለ መኪና፣ ሁለት ሌሊት።
«ባ»ንም ከ«ል» እና ከ«ች» መሃል በቀይ ክር አስገባኋት፤
ቦታው ጠባብ ነው፣
ጎበጥ ብላ ገባች።

ማታ እናቴን አለበስኋት። መብራት የለም።
በረዶው እንደገና ጀመረ።
«ጉንጬን የሚነካኝ ይሄ የቱ ነው?» አለች በጨለማው።
«የቢራው» አልኋት።
ዝም።
ድሪቶውን እስከ አፍንጫዋ ሳበችና
«ቢራ» አለች፣ «እሱ መች ይወድ ነበርና።»